የአራስ ቤት ጥያቄዎች፦ ጎንደር ላይ ከወሊድ በኋላ ተደጋግመው የሚጠየቁ

እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሙስሊም እህቶቼም እንኳን በሰላም ተገላገላችሁ።

ጎንደር አራስ መያዝ ያውቅበታል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የእናት እጅ፣ የጎረቤት መመላለስ፤ ይሄ በገንዘብ የማይገዛ እንክብካቤ ነው፣ እንዲቀር አልፈልግም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። «አራስ ከቤት አትወጣም» እየተባለ ሕመሙም አብሮ ቤት ውስጥ ይዘጋበታል። ደም ሲበዛ «እየጠራላት ነው» ይባላል፣ ትኩሳት ሲመጣ «ምች ነው» ይባላል፣ ሕፃኑ ጡት እምቢ ሲል «ዓይን ነው» ይባላል፣ እንዲህ እየተባለ ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። ከሚሞቱት ጨቅላ ሕፃናት አብዛኞቹ የሚሞቱት ደግሞ በዚያችው በመጀመሪያዋ ሳምንት ነው። ስለዚህ ይህን አራሷ ብቻ ሳትሆን ባሏም፣ እናቷም፣ አማቷም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ከወለድኩ በኋላ ደህና ነኝ። ቶሎ ወደ ቤት ብሄድስ?

ቢያንስ 24 ሰዓት ቆዪ። ደህና ብትሆኚም ቆዪ። ከወሊድ በኋላ ማህፀን በደንብ ካልተኮማተረ ደም በአጭር ጊዜ ውስጥ በብዛት ሊፈስ ይችላል። አስጠንቅቆ አይመጣም። እርግዝናዋ ምንም ችግር ያልነበረበት፣ በቀላሉ የተገላገለች ሴት ላይም ይደርሳል። ቤት ሆነሽ ከጀመረሽ ከአዘዞም ይሁን ከማራኪ መኪና ተፈልጎ ሆስፒታል እስክትደርሺ ብዙ ደም ይፈሳል፤ ከደንቢያ ወይም ከወገራ ገጠር ከሆነማ አስቢው። በኦፕራሲዮን የወለደች ቆይታዋ ይረዝማል።

ገንዘብ ይቆጥርብኛል ብለሽ አትቸኩዪ። የወሊድም ሆነ የድኅረ ወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል በነፃ ነው። ገንፎውንም ቤተሰብ እዚያው ያምጣልሽ።

ከመውጣትሽ በፊት አፍረሽ እንዳትቀሪ፣ ጠይቂ። የደም ግፊቴ ተለክቷል? ሕፃኑ ሸንቷል? ጡት አያያዙን ያየልኝ ሰው አለ? የዓይን ቅባት፣ የቫይታሚን ኬ መርፌ፣ የቢሲጂና የፖሊዮ ክትባት አግኝቷል? የደም ዓይነትሽ ኔጌቲቭ፣ የሕፃኑ ደግሞ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ የምትወጊው መርፌ አለ። ይሄን መርፌ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጉዳቱ አሁን አይታይም፣ የሚጎዳው ቀጣዩን ልጅሽን ነው።

ቀጠሮ በ3ኛው ቀን ሰጡኝ። እናቴ ግን አራስ አትወጣም ብላ ከለከለችኝ። ምን ላድርግ?

ሂጂ። ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣል፣ መልሱም አይለወጥም።

እናትሽ የከለከለችሽ ስለምትወድሽ ነው፤ ብርድ እንዳይመታሽ፣ ዓይን እንዳያይሽ ፈርታ ነው። እሷን ሳታስቀይሚ መሄድ ይቻላል። ነጠላሽን ተከናንበሽ፣ ሕፃኑን ሸፍነሽ፣ ባጃጅ በር ድረስ መጥቶ፣ እናትሽ ራሷ አብራሽ ትሂድ። ብረት ወይም ቢላዋ ይዞ መሄድ የሚያረጋጋት ከሆነ ይያዝ፣ ማንንም አይጎዳም። 40 እና 80 ቀን የሚጠበቀው ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ነው፤ ጤና ጣቢያ መሄድን የከለከለ ሥርዓት የለም።

መታየት ያለብሽ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን አካባቢና በ6ኛው ሳምንት ነው። 3ኛውና 7ኛው ቀን ላይ አብዛኛው ሰው ይቀራል። ኢንፌክሽን፣ የደም ግፊት፣ የሕፃኑ ብጫነትና የጡት ችግር ደግሞ ብቅ የሚሉት በዚያን ጊዜ ነው። ጨርሶ መውጣት ካልቻልሽ ለቀበሌሽ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይደወልላትና ቤት ድረስ ትምጣ። ስልኳ፣ የአምቡላንሱም ስልክ፣ ገና ሳትወልጂ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ደሙ እስከ መቼ ነው የሚቆየው? ብዙ የሚባለው ምን ያህል ሲሆን ነው?

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። መጀመሪያ ደማቅ ቀይ ነው፣ ቀጥሎ ወደ ቡናማና ሮዝማ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቢጫማ ፈሳሽ ይሆናል። ስታጠቢ ሆድሽን ቆርጦ ሊይዝሽና ደሙም ጨመር ሊል ይችላል። ይሄ ማህፀንሽ እየተሰበሰበ መሆኑን ነው የሚያሳየው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ልጅ ላይ ቁርጠቱ ይብሳል።

የሚያስፈራው ይሄ ነው፦ አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከራሰ፣ ከእንቁላል የሚበልጥ የረጋ ደም ከወጣ፣ ደሙ ቀንሶ የነበረው ድንገት ደማቅ ቀይ ሆኖ ከተመለሰ፣ ወይም ስትነሺ ዓይንሽ ከጨለመና ልብሽ በኃይል ከመታ በዚያው ሰዓት ተነሺ። ነገ ጠዋት አትበዪ። «ክፉው ደም ይውጣላት» የሚለው አነጋገር ብዙ እህቶቻችንን አዘግይቷል። የሚፈሰው መልካሙ ደምሽ ነው። መንገድ ላይም ሕፃኑን ጡት እያስያዝሽ ሂጂ፣ ማጥባት ማህፀን እንዲኮማተር ይረዳል።

ጨርቅ የምትጠቀሚ ከሆነ በሳሙና የታጠበና ፀሐይ ላይ የደረቀ ይሁን። ብዙዎቻችን አፍረን ጓዳ ውስጥ ጨለማ ላይ እናሰጣዋለን፣ እዚያ ደግሞ በደንብ አይደርቅም።

ትኩሳት ያዘኝ። ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹልኝ። ይበቃል?

አይበቃም። ዳማከሴው ሽታው ደስ ይላል፣ ሰው ሲያሽሽ ደግሞ ዘና ትያለሽ፣ እሱ ላይ ጠብ የለኝም። ነገር ግን በወለደች ሴት ላይ የሚመጣ ትኩሳት ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ኢንፌክሽን ነው መታየት ያለበት። ከማህፀን ሊሆን ይችላል፣ ከስፌቱ፣ ከጡት፣ ከሽንት ቧንቧ። ቆላ ደርሰሽ የመጣሽ ወይም ደንቢያ አካባቢ የምትኖሪ ከሆነ ወባም አለ። ከእነዚህ አንዱም በቅጠል አይድንም፤ ምርመራና መድኃኒት ይፈልጋል።

ሙቀትሽ 38 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ ካለሽና ካንቀጠቀጠሽ፣ የሚወርደው ፈሳሽ ከሸተተ፣ የታችኛው ሆድሽ ሲነካ ካመመሽ የዚያኑ ቀን ታከሚ። የማህፀን ኢንፌክሽን ወደ ደም ከገባ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚብሰው። ጥፋቱ ምች ብሎ መጥራቱ አይደለም፣ ምች ብሎ ቤት መቀመጡ ነው።

ባለቤቴ ከወለደች ሳምንት ሊሆናት ነው። ራሷን በጣም ያማታል፣ ዓይኔ ብዥ አለብኝ ትላለች። እርግዝናው ላይ ግፊት አልነበረባትም።

ወንድሜ፣ አሁኑኑ ውሰዳት። ከእርግዝና ጋር የሚመጣው የደም ግፊት ከወሊድ በኋላም ሊነሳ ይችላል፣ ከዚያ በፊት ምንም ባልነበረባት ሴት ላይ ጭምር። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የቀኝ ጎን ሕመም፣ የፊትና የእጅ ማበጥ የሚጥል መንቀጥቀጥ ከመምጣቱ በፊት የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ካንቀጠቀጣት በጎኗ አስተኛት፣ አፏ ውስጥ ምንም አትጨምር፣ ክብሪትም አታጭስባት፣ ወደ ሆስፒታል ሩጥ። መድኃኒቱ እዚያ አለ።

አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ካመማት፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራትና ደረቷን ከወጋት ይሄም የማይቆይ ነው። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል።

የልጅ ልጄ ተወለደ። በእኛ ደንብ መጀመሪያ ቅቤ ይልሳል፣ እንገሩም ይታለባል። ዛሬ ግን ልጆቹ እምቢ አሉኝ።

እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ልጆቹ እርስዎን ንቀው አይደለም። እንገሩ ብጫና ወፍራም ስለሆነ የቆሸሸ ይመስላል እንጂ ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከለው ነገር በብዛት ያለው እዚያው ውስጥ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም የሕፃኑም ጨጓራ ትንሽ ናት። በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ቢጀምር ጥሩ ነው።

ቅቤው፣ ስኳር ውሃው፣ የአብሽ ውሃው ግን ለዚህ ሆድ አይሆንም። የሚያስቀምጥ በሽታ ይዞ ይገባል፣ ሆዱን ሞልቶም ጡት እንዳይጠባ ያደርገዋል። እስከ 6 ወር ድረስ የጡት ወተት ብቻ፤ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ካለ እሱ ይሰጣል። ቅቤውን ለእናቱ ገንፎ ያድርጉላት። እርስዎ «ልጄ፣ መጀመሪያ ጡትሽን ስጪው» ካሏት ከማንም ሐኪም በላይ ትሰማለች።

ወተቴ አልበቃው አለ፣ ሁልጊዜ ያለቅሳል። ጡጦ ልጨምር?

ከመጨመርሽ በፊት የሽንት ጨርቁን ተመልከቺ። ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ ሰገራው ከጥቁር ወደ ቢጫ የተለወጠ ሕፃን እየበቃው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ኪሎ መቀነሱ የተለመደ ነው፤ እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ የተወለደበትን ኪሎ ይመልሳል። ካልመለሰ አሳዪው።

ወተት የሚጨምረው በመጥባት ነው። ጡጦ በጨመርሽ ቁጥር ጡትሽ የሚሠራው ይቀንሳል። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢ። የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ዙሪያ ጭምር በሰፊው ይጉረስ፣ አገጩ ጡትሽን ይንካ። ጫፉ የሚሰነጠቀው በአብዛኛው አያያዙ ስላልተስተካከለ ነው፤ ስታስተካክዪው ሕመሙ ይቀንሳል። ከጠባ በኋላ የራስሽን ወተት ጥቂት ቀብተሽ ይድረቅ።

ጠላ ወተት ያወርዳል ለሚሉሽ፦ አልኮል ወደ ወተትሽ ይገባል። አጥሚት ጠጪ፣ ውሃ ጠጪ።

ጡቴ ደነደነ፣ ቀላ፣ ትኩሳትም አለኝ። ማጥባት ላቁም?

አታቁሚ። ካቆምሽ ይብሳል። ከማጥባትሽ በፊት ለብ ባለ ጨርቅ አሙቂው፣ ካጠባሽ በኋላ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት፣ ሕፃኑ የማይጨርሰውን በእጅሽ አልቢ። በአንድ ቀን ካልተሻለሽ ወይም ትኩሳቱ ከጠናብሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። እያጠባሽ የምትወስጂው መድኃኒት አለ።

ገንፎ ብቻ ነው የሚሰጡኝ። ሌላ መብላት ይፈቀድልኛል?

ይፈቀድልሻል፣ ያስፈልግሻልም። ገንፎና ቅቤ ኃይል ይሰጣሉ፣ ግን የፈሰሰውን ደም ብቻቸውን አይተኩም። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ካገኘሽ የጣና ዓሣ ከጎርጎራ። ብርቱካን ወይም ሎሚ አብሮ ቢኖር ሰውነትሽ ምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት (አይረን) በደንብ ይወስዳል። የሚያጠቡ እናቶች ከወትሮው በቀን 2 ጊዜ ያህል ጨምረው መብላት አለባቸው። የታዘዘልሽን የብረትና ፎሌት ክኒን ጨርሺ፣ ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አትውሰጂው፤ ቡናው ጥቂት ሰዓት ይቆይ። አራስ ቤት ቡና ሦስቴ እንደሚፈላ አውቃለሁ፣ ሁሉንም አትጠጪ።

ድርቀት ካስቸገረሽ ተልባ ጥሩ ነው፣ ከብዙ ውሃ ጋር።

ጾም ከገባብሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ለአራስና ለምታጠባ እናት ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ረመዳን ላይም ለምታጠባ እናት ጾሙን ቆይታ በሌላ ቀን መጾም ተፈቅዷል።

ቤታችን ይበርዳል። ከሰል አያይዘን በሩን ብንዘጋስ?

ይሄን በጣም እለምናችኋለሁ፦ አታድርጉት። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ እንደሚከብድ ይገባኛል። ግን የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ክፍሉ ከተዘጋ አራሷና ሕፃኑ እንደተኙ ሊቀሩ ይችላሉ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ቶሎ ወደ አየር ውጡ። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ቡናም ከተፈላ በርና መስኮት ይከፈት፣ ስትተኙ ፈጽሞ ይውጣ።

ሕፃን የሚሞቀው ሰው ላይ ነው። ባርኔጣና ካልሲ አድርጊለት፣ ራቁቱን ደረትሽ ላይ አስተኝተሽ ከላይ ልብስ ደርቢ። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ ሕፃን እንዲህ ቆዳ ለቆዳ ሆኖ ብዙ ሰዓት መቆየት አለበት። አንቺ ስትደክሚ አባቱም ደረቱ ላይ ይያዘው። ወንድ ልጅ አራስ ቤት ምን ይሠራል የሚል ካለ ይሄን ይሠራል።

እትብቱ ላይ ምን ላድርግ? መቼስ ልጠበው?

እትብቱ ላይ ምንም። ቅቤ፣ አመድ፣ እበት፣ ቅባት አይነካውም። ጤና ባለሙያ የሰጠሽ መድኃኒት ካለ እሱ ብቻ። የሽንት ጨርቁን ከእትብቱ በታች እሰሪ፣ ደርቆ ራሱ ይወድቃል። ዙሪያው ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ከሸተተ ውሰጂው።

ገላ መታጠቡ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ ይሁን። ሲወለድ ቆዳው ላይ ያለው ነጭ ነገር ቆሻሻ አይደለም። ፀሐይ ማሞቁን ጠዋት ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ዓይኑን ከልለሽ አድርጊው፤ በመስታወት በኩል የሚገባው አይጠቅመውም።

ዓይኑና ቆዳው ብጫ ሆነ። ፀሐይ ያድነዋል?

በ2ኛውና በ3ኛው ቀን የሚጀምር ቀለል ያለ ብጫነት በብዙ ሕፃናት ላይ ይታያል፣ ደጋግሞ በመጥባት ይሄዳል። ነገር ግን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከጀመረ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ብጫ ከሆነ፣ ወይም ሕፃኑ እንቅልፍ አብዝቶ ጡት እምቢ ካለ አትጠብቂ። ፀሐይ ሕክምና አይሆነውም። ሆስፒታል ልዩ መብራት ሥር ይተኛል፣ ካልታከመ አንጎልን ይጎዳል።

ሕፃኑ ዓይን ገብቶበት ይሆን ወይስ ታሞ? እንዴት ልለይ?

ለመለየት ጊዜ አታጥፊ። ጡት መጥባት ካቆመ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሳይነካ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ወይም ተረጋግቶ እያለ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም ከ35.5 በታች ቅዝቃዜ ካለው መጀመሪያ ሆስፒታል ነው። ጨቅላ ሕፃን ሲታመም ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፣ ጭራሽ ይቀዘቅዛል። ጠበሉን ከሕክምናው ጋር ማስኬድ ይቻላል። ከሕክምናው በፊት ሦስት ቀን ማስቀደም ግን አይቻልም።

እግረ መንገዴን፦ እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት፣ ሴት ልጅን መግረዝ ይቅሩ። ደም ያፈሳሉ፣ ኢንፌክሽን ያመጣሉ፣ አንድም ጥቅም የላቸውም።

በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። ሆዴን በመቀነት ልሰር? መቼ ሥራ ልጀምር?

ላላ አድርገሽ ስትነሺ እንዲደግፍሽ ማሰር ይቻላል። ቁስሉን የሚጫንና ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ፍቺው። ጢስ መሞቅም ስፌቱ ሳይድን አይሆንም። በምጥ የወለድሽም ተሰፍተሽ ከሆነ በንፁህ ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ፣ ጨው ወይም አልኮል አታድርጊበት።

ለ6 ሳምንት ያህል ከልጅሽ የሚከብድ አታንሺ፤ ጀሪካንም፣ የሊጥ ቡሃቃም። መተኛት ብቻ ግን አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ተራመጂ፣ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ።

እንግዳው በዛ። ሁሉም ሕፃኑን ሊስም ይፈልጋል።

አራስ ጥየቃ ያምራል፣ አንቺ ግን አስተናጋጅ አይደለሽም። ከእናትሽ ወይም ከእህትሽ አንዷ በር ላይ ትሁን። እጁን ያልታጠበ አይቀፈው፣ ጉንፋን የያዘው ጭራሽ አይግባ፣ አፉንና እጁን ማንም አይሳም። ሕፃኑ ሲተኛ አንቺም ተኚ። ጠያቂ ሆነሽ የምትሄጂ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ቡና ከምትጠብቂ ልብስ አጥበሽላት ብትመለሺ ትወድሻለች።

ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ ግን ዝም ብዬ አለቅሳለሁ። ምን ሆኜ ነው?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስ፣ መነጫነጭ፣ ሆድ መባስ ብዙ እናቶች ላይ ይመጣል፣ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ፣ እንቅልፍ እያለሽ መተኛት ካቃተሽ፣ ልጅሽን ማየት ካስጠላሽ፣ ምግብ ከዘጋሽ፣ «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ይሄ የወሊድ ድባቴ ነው። ሕመም ነው። ምስጋና ቢስ ስለሆንሽ፣ መጥፎ እናት ስለሆንሽ ወይም እምነትሽ ስላነሰ የመጣ አይደለም። በምክርና በመድኃኒት ይድናል፣ እያጠባሽ የምትወስጂው አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ መጀመሪያ ለጤና ጣቢያ አዋላጅሽ ብትነግሪም ትልክሻለች።

ለቤተሰብ የምለው፦ አራሷ የሌለ ድምፅ ከሰማች፣ ከተዘባረቀባት፣ ሕፃኑን ወይም ራሷን ለመጉዳት ከተነሳች ብቻዋን ለደቂቃም አትተዉአት። የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ውሰዷት። ጠበልም ቢሆን መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ነው፤ አስራችሁ አትውሰዷት።

ልጄ አልተረፈልኝም። እኔም አራስ ነኝ? ማንም የሚጠይቀኝ የለም።

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። አዎ፣ አራስ ነሽ። ማህፀንሽ እንደማንኛዋም እናት ይደማል፣ ግፊቱም ኢንፌክሽኑም ሊመጣ ይችላል፣ ገንፎውና እረፍቱም ይገባሻል። በ3ኛውና በ7ኛው ቀን መታየት አለብሽ። ወተትሽ ሊመጣ ይችላል፤ ደገፍ የሚያደርግ ጡት ማስያዣ ልበሺ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት፣ ከወጠረሽ እስኪቀልሽ ብቻ አልቢ። ማልቀስ ከፈለግሽ አልቅሺ። ጎረቤቶች «ሌላ ይሰጥሻል» ብላችሁ አትለፏት፣ ግቡና አብራችኋት ተቀመጡ፣ ምግቧን ሥሩላት።

ሽንቴ ያመልጠኛል። የተለመደ ነው?

ስታስይና ስትስቂ ጠብ የሚል ከሆነ ለብዙዎች በጊዜ ይሻላል፣ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ከታች ጡንቻሽን ደጋግመሽ ሳብ ለቀቅ ማድረግ ይረዳል። ሳታውቂው ሁልጊዜ የሚፈስ ከሆነ ግን፣ በተለይ ምጡ ረጅም ከነበረ፣ ፊስቱላ (በምጥ ጉዳት የሚፈጠር ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላልና ቶሎ ታዪ። ይታከማል። ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል። ሸሽገሽ ጓዳ አትቀመጪ።

ከባለቤቴ ጋር መቼ እንገናኝ? ወር አበባ ሳይመጣ አረግዛለሁ?

ቁስልሽ እስኪድንና ደሙ እስኪቆም፣ ብዙ ጊዜ እስከ 6 ሳምንት። አንቺ ፈቃደኛ እስክትሆኚም ጭምር። ወር አበባ ሳይመጣ ማርገዝ ይቻላል። ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሦስቱም ሲሟሉ ነው፦ ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ሲሆን፣ ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ ሲጠባ፣ ወር አበባሽም ሳይመለስ። አንዱ ከጎደለ አትተማመኚበት። በክንድ የሚቀበረውንና ሉፕን (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን) ከወሊድ በኋላ ወዲያውኑ ማድረግ ይቻላል፣ የ3 ወር መርፌ ለምታጠባ ከ6 ሳምንት ጀምሮ ነው፤ የተለመደው ጥምር ክኒን ግን ለምታጠባ እስከ 6 ወር አይመከርም። ቀጣዩን ከማርገዝሽ በፊት ቢያንስ 2 ዓመት ይለፍ።

ክትባትና ወረቀት ነገርስ?

ሲወለድ ከሚሰጠው ክትባት በኋላ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ9 ወርና በ15 ወር። የ6ኛ ሳምንት ክትባቱን ከራስሽ ምርመራ ጋር አንድ ቀን ላይ አድርጊው፣ ሁለት ጊዜ አትመላለሺ። ኤችአይቪ በደምሽ ካለ መድኃኒትሽን አታቋርጪ፣ ሕፃኑም መከላከያውን ወስዶ በ6ኛው ሳምንት ይመርመር።

ልደቱን በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆንሽ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዝሽ ፈቃድ አለሽ። አባትየውም ከነደሞዙ 3 ተከታታይ ቀን አለው። ቀኖቹን ደጅ እንግዳ በመቀበል እንዳይጨርሳቸው፤ የ3ኛውን ቀን ቀጠሮ እሱ ይዞሽ ይሂድ።